የጠቆረው ጠርዝ

የጥብስ ቤቱ ደንበኞች «ጋሽ ፍሙ» የሚሏቸው ሰውዬ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሰል ፊት ቆመው ነው። የሥጋው ጠርዝ ጠቆር ብሎ ሲንኮሻኮሽ፣ ስቡም ፍሙ ላይ ጠብ እያለ ሲጨስ፣ የቸኮለ መንገደኛ እንኳ ሳያስበው ጎራ ይል ነበር።

አንድ ቀን ነርስ የሆነችው ልጃቸው፣ «አባዬ፣ ያረረ ሥጋ ሲደጋገም ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል፤ ለሰው አታብላ» አለቻቸው።

ጋሽ ፍሙ ክው አሉ። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን ጠርዝ በመቀስ እየቀረጠፉ ማቅረብ ጀመሩ። ጎረቤታቸው አናጢው ሳህኑን ትክ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሥጋ ፀጉር ቤት ወስደውት ነበር እንዴ?» አላቸው።

ልጃቸው እንደገና ስትመጣ ከምድጃው ጀርባ በጎድጓዳ ሳህን የተቆለለ ጥቁር ቁርጥራጭ አየች። አባቷ ከዚያ እያነሱ ይቆረጥማሉ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥጋ እንዴት ይጣላል ልጄ? ለሰው አታብላ አልሽኝ፤ አላበላሁም።»

«አንተስ ሰው አይደለህም?»

ጋሽ ፍሙ ሊቆረጥሙት ያነሱትን መልሰው ሳህኑ ውስጥ አስቀመጡት። እውነትም ራሳቸውን ከሰው አልቆጠሩም ነበር።

ልጅቷ የመጥበሻውን ብረት ከፍሙ ከፍ አደረገችላቸው፤ ሥጋውንም ቶሎ ቶሎ እንዲያገላብጡት ነገረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ። ሳያር፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አንዱን ቆርጠው ቀስ ብለው አላመጡት፤ ሌላም ደገሙ።

«እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ይጣፍጣል። ግን እኔ የጠበስኩት አልመስል አለኝ።»