«ሌባ ሁንልኝ» ያሉኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት መርሳ ሄጄ ሌባ ሆኜ ተመለስኩ... አትሳቁ።

ወልዲያ ያለው የመለዋወጫ ሱቄ በጦርነቱ ተዘርፎ መደርደሪያው እንኳ አልተረፈም ነበር። እንደምንም ብዬ እንደገና ዕቃ አስገባሁ። ጦርነቱ ግን በቆቦ በኩል ገና አልበረደም፤ እኔም እንቅልፍ የለኝም። አንድ ሾፌር ወዳጄ «መርሳ ላይ ጋሽ ደምሌ የሚባሉ የጥበቃ ውሻ አሰልጣኝ አሉ፣ ሂድና አንድ ያዝ» አለኝ።

ጋሽ ደምሌ ጓሯቸው ውስጥ ሰባት ውሾች አስረዋል። የእኔ ዓይን ያረፈው ነብሮ የሚሉት ላይ ነው። ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ አስተያየቱ ብቻ የሚያስፈራ።

«ይሄ ሱቅ ይጠብቃል?» አልኳቸው።

«ሞክረዋ! እኔ ዘንድ ደንበኛ ሳይሞክር አይገዛም። ውጣና ሌባ ሁንልኝ። እኔ ፈትቼ እለቅብሃለሁ።»

አሮጌ ካፖርት አለበሱኝ፣ ክንዴን በጆንያ ጠቀለሉልኝ። «ይሄን የማደርገው ባለቤቴ ግራና ገበያ ስትወርድ ብቻ ነው» አሉኝ። ጫጫታ የማይወዱ ሴት መስለውኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ወጣሁና የቆርቆሮውን በር በድንጋይ ደበደብኩት። ውሾቹ ግቢውን አናወጡት። እኔ ደግሞ ቀልድ መቼ ይበቃኛል... ድምፄን አወፍሬ «ክፈት! ክፈት ብዬሃለሁ!» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ክንዴን አንስቼ ነብሮን ስጠብቅ የወጡት አንዲት እናት ናቸው። ለካ የጋሽ ደምሌ ባለቤት ወገባቸውን አሟቸው፣ እሳቸው ሳያውቁ ከመንገድ ተመልሰው ቤት ውስጥ ተኝተው ኖሯል። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ግቡ ልጆቼ... ዱቄቱ ጓዳ ነው፣ ውሰዱት» አሉ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

«እትዬ፣ ደንበኛ ነኝ... ውሻ ልገዛ ነው የመጣሁት» አልኩ። ካፖርቱን ላወልቅ ስታገል የክንዴ ጆንያ ያዘኝ።

«ልጄ አሞታል፣ መሄድ አይችልም። እሱን ብቻ ተዉልኝ።»

ጋሽ ደምሌ ከጓሮ እየሮጡ መጥተው የባለቤታቸውን ትከሻ ያዙ። «ዘነቡ፣ ማንም አልመጣም። እንግዳ ነው፣ እኔ ነኝ የጠራሁት» እያሉ አባብለው አስገቧቸው።

ሲመለሱ ፊቴን አላዩም።

«ያኔ ታጣቂዎች እንዲህ ሲደበድቡ የከፈተችው እሷ ናት። ባትከፍትም ይሰብሩት ነበር። ልጃችንን ወሰዱት፣ እስከ ዛሬ ወሬው የለም... እሷ ግን እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው ትላለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነብሮን «ውሰደው፣ ጎበዝ ነው» ቢሉኝም አልሆነልኝም። ባዶ እጄን ወደ ወልዲያ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰው በር አላንኳኳም... ከመንገዱ ጀምሬ «ቤቶች! እኔ ነኝ» እያልኩ፣ ስሜን እየጠራሁ ነው የምደርሰው።