የጭልፊቱ ጀርባ

ባለፈው ሐሙስ ለልጄ አልጋ ላሠራ ቡታጅራ መናኸሪያው ጀርባ ካለ እንጨት ቤት ገብቼ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ በሩ ላይ የተከመረው ሰጋቱራ ርሷል። እንደ ልማዴ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ፣ ስልኬን አሥሬ እያወጣሁ፣ አናጺውን "ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ" እያልኩ ስቁነጠነጥ ያ ሽታ መጣና ያዘኝ። የረጠበ የጽድ ሰጋቱራ ሽታ። "እትዬ ትርፌ!" አልኩ ጮክ ብዬ። አናጺው "አቤት?" አለኝ። ከየት ጀምሬ ልንገረው?

ለነገሩ ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። የልጆች ክፍል አስተማሪዋ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ወደ ዳር ጠራችኝ። "እህት ምሕረት፣ ልጅሽ ኤልዳና እኮ አትቀመጥም። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እሷ ትስቃለች። ሽማግሌዎች ቢጸልዩላት ምን ይመስልሻል?" በትሕትና ነው ያለችኝ፣ ክፋት የለባትም። እኔም "እሺ፣ እናያለን" አልኩና ፈገግ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያንን "ይጸለይላት" የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

በልጅነቴ ጸሎት ቤታችን የጭቃ ነበር፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ክረምት ሲገባ ወለሉ ስለሚላቁጥ እትዬ ትርፌ ከባሏ እንጨት ቤት በጆንያ ሰጋቱራ አሸክማ ታመጣና ሰው ሳይገባ ትበትነው ነበር። ጸጉሯ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ጠፍቶ አያውቅም። ሰፊ አፍ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ በአማርኛዋ ውስጥ ጉራጊኛው የሚያፏጭ ሴት ነበረች። እኛን ልጆቹን የምታስተምረውም እሷ ናት።

ሌሎቹ አስተማሪዎች የቃል ጥቅስ በማስባል ይጀምራሉ። እሷ ግን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "እህሳ! በዚህ ሳምንት ምን አስገረማችሁ?" ትላለች። "ምንም" ማለት ክልክል ነበር። አንዱ ፍየላቸው መንታ እንደወለደች ይናገራል፤ ሌላው አረቅጥ ከተማ ያለችው አክስቱ ጋ ሄዶ በረዶ የእንሰቱን ቅጠል እንዴት እንደበሳሳው ያወራል። እሷ ለእያንዳንዱ "ኧረ! እውነትህን ነው?" እያለች አፏን ይዛ ትሰማለች። ለይምሰል እንዳልሆነ ልጅም ብንሆን እናውቅ ነበር። በመጨረሻ "በሉ አመስግኑት" ትለናለች፣ ጸሎቱ ያው ነው።

እኔ ቁንጥንጥ ነበርኩ። ሁሉም ሲጨፍን የእኔ ዓይን በራሱ ጊዜ ይገለጣል። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን እከተላለሁ፣ የሰው ጫማ አያለሁ፣ እግሬ ሰጋቱራውን ይጭራል። አባቴ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ፣ ደግ ግን ስለ ልጁ ነፍስ እጅግ የሚፈራ ሰው ነበር። በነጋ በጠባ "ጌታ ፊት እንኳ አርፈሽ አትቀመጪም?" ይለኛል።

አንድ እሑድ ጸሎቱ ረዘመ። ከማገሩ ላይ የወፍ ጎጆ አለ፤ ጉባኤው ባንድ ድምፅ "አሜን!" ባለ ቁጥር ጫጩቶቹ እናታቸው የመጣች መስሏቸው ሁሉም ባንዴ አፋቸውን ይከፍታሉ። አሜን ሲባል መክፈት፣ አሜን ሲባል መክፈት። ሳቄ አመለጠኝ፣ ያውም በረጅሙ። የአባቴ እጅ ትከሻዬን ጨምድዶ ሲይዘኝ ዞር አልኩና፣ ከዚያ ሁሉ የተጨፈነ ዓይን መሃል ሁለት የተገለጡ ዓይኖች አየሁ። እትዬ ትርፌ ነጠላዋን ነክሳ ያንኑ ጎጆ ታያለች። አየችኝና ጠቀሰችኝ።

ስንወጣ የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ዘርጋ አባቴን ጠርተው፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ይህቺ ልጅ መንፈስ ሳይኖርባት አይቀርም፤ የሚመጣው እሑድ ፊት ትውጣና እንጸልይላት" አሉት። አባቴ አመዱ ቡን አለ።

ያ ሳምንት ምን ዓይነት ሳምንት ነበር! ሰይጣን ውስጤ ካለ የት ነው የሚቀመጠው እያልኩ ሆዴን እዳብሳለሁ። እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ፣ መሳቅማ ጨርሶ ተውኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ትርፌ ቤታችን መጣች። አባቴን "ልጅቷን ዛሬ አውሰኝ፣ ወደ ጸሎት ልውሰዳት" አለችው። ደስ ብሎት ሰጣት። ወደ ወራቤ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ጥቂት እንደሄድን ወረድንና በእግር መንገድ ያዝን። አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አገኙን።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

"ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ።"

"ሕፃን ይዘሽ ሐረ ሸይጣን ልትሄጂ? ድንጋይ ብትወረውሩም ውሃው ጋ አይደርስላችሁም። እሱ መንገድ ላይ ይቀልበዋል።"

ሐረ ሸይጣን ዙሪያውን ገደል የከበበው ሐይቅ ነው፤ ስሙም የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። "እትዬ፣ እንመለስ" ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ። "ውስጤ ያለው እዚያ ካለው ጋር ይተዋወቃሉ።" እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ አፍንጫዬን ጠረገችልኝና "እንግዲያው ሄደን እንያቸዋ" አለችኝ፤ እጄን ግን አጥብቃ ያዘች።

መሬቱ ድንገት አለቀ። ከእግራችን ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ከዚያ በፊት ያላየሁት ውሃ። ድንጋይ አንስታ ሰጠችኝ። ባለ በሌለ ጉልበቴ ወረወርኩ፤ ሄደ ሄደና ቁጥቋጦው ውስጥ ቀረ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወረወረች፣ የእሷም ቀረ። "አልደረሰም! ኧረ ሌላ አምጪ!" እንደ ልጅ እየዘለለች ትወረውራለች፣ እየተንከተከተች። "ሰይጣን ነው የያዘው?" አልኳት። "እኔ እንጃ፣ የእኛ ክንድ ይሆናል። ግን እስቲ ይህን ውሃ እዪው፣ ይህን የሠራው ሰይጣን ነው?"

ያኔ ጭልፊቱ መጣ። ከላያችን አልነበረም፤ ከእግራችን ሥር፣ ገደሉ ውስጥ ነው የሚያንዣብበው። ወፍ ሁሉ ለእኔ ሆድና እግር ነበር፣ ከታች የሚታይ። አሁን ጀርባውን አየሁት። የተዘረጋው ክንፉ ላይ ፀሐይ አርፋለች፤ ቡናማው ላባ አንድ በአንድ ይታያል። ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ክንፉን አላርገበገበም።

"እግዚአብሔር ሁልጊዜ የሚያየው በዚህ በኩል ነው" አለች እትዬ ትርፌ በቀስታ። ቆየት ብላ ደግሞ "ምሕሬ፣ እግርሽን እዪው" አለችኝ። ጫማዬ ላይ ፌንጣ ተቀምጧል። "መጥቶ እስኪያርፍብሽ፣ ክንፉን እስኪያጸዳ አልተነቃነቅሽም። አርፋ አትቀመጥም የሚሉት አንቺን ነው? ለአባትሽ ጸሎት ነው ያልኩት ውሸቴን አይደለም።" ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የያዝኩትን ዳቦ ጨረስኩት፣ የእሷንም ጨመርኩበት።

ነገሩን ግን እሑድ እስኪነጋ ከተማው ሁሉ ሰምቶት ነበር። ፊት ወጥቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ጋሽ ዘርጋ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"ትርፌ፣ መንፈስ አለባት ያልናትን ሕፃን ሐረ ሸይጣን ወሰድሻት?"

"ወሰድኳት።"

"ምን ልታደርጉ?"

"ልንገረም ነዋ፣ ጋሼ።"

ይህን ብላ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "ለእሷ ከጸለያችሁ ለእኔም ጸልዩልኝ። ስትጸልዩ እኔም ዓይኔን እገልጣለሁ። አሜን ስትሉ እነዚያ ጫጩቶች አፋቸውን ሲከፍቱ እኔም ስቄያለሁ፤ እሷ ድምፅ አወጣች፣ እኔ ነጠላዬን ነከስኩ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ዘርጋ ሳያስቡት ቀና ብለው ጎጆውን አዩ፣ አባቴም አየ። እናቲቱ ትል ይዛ ገብታ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ጠጋ ብለው አንድ እጃቸውን በእኔ፣ አንዱን በእሷ ራስ ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ፣ ባርካቸው" አሉ፣ በቃ። "አሜን!" ሲባል ዓይኔን ገልጬ ነበር። የአባቴም ተገልጦ ነበር፣ ወደ ማገሩ።

ሐይቁን ግን ይቅር አላሏትም። በሚቀጥለው እሑድ የልጆቹ ክፍል ለሌላ አስተማሪ ተሰጠ። እትዬ ትርፌ ግን ሰጋቱራዋን መበተን ቀጠለች። እኔ ስደርስ ጆንያዋን ትይዝና ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ "ሳምንቱስ? ምን አስገረመሽ?" ትለኛለች። ባዶ እጄን ላለመምጣት ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ከፍቼ እዞር ነበር። ወልቂጤ ለሥራ ተመድቤ ሳለሁ አረፈች፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ዛሬ ጸሎት ቤቱ ሴራሚክ ነው፤ ሰጋቱራ የሚፈልግ ወለል የለም። ያንን ጥያቄ የሚጠይቀኝም ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው! እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ፣ ከስብሰባ ስብሰባ እሮጣለሁ፣ ልቤ ግን አንድ ቦታ አያርፍም።

ቅዳሜ ኤልዳናን ባጃጅ ላይ ጫንኳት። "የት ነው የምንሄደው?" ስትለኝ "ወደ ጸሎት" አልኳት። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ድንጋይ ወረወርን፣ የማናችንም አልደረሰም። እሷ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ወደ ታች፣ ወደ አረንጓዴው ውሃ ስመለከት አንድ ጭልፊት ከእግራችን ሥር ዘወር አለ፣ ጀርባው ፀሐይ ላይ።

"እማ" አለች ልጄ እጄን እየጎተተች፣ "ስልክሽ እኮ ከቅድም ጀምሮ ነው የሚጮኸው። አይሰማሽም?"