አርባ ሦስት የሰርፈር ቃላት ይዤ ወደ ኢሪ ሐይቅ

ዋይትሆል፣ ቅዳሜ ጠዋት

ወደ ክሊቭላንድ የተነሳሁት ልጄን ለእሁድ ምሳ ለመለመን ነው። ሊዲያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሰኞ ጠቅልላ ካሊፎርኒያ እንደምትሄድ የነገረችኝ እናቷ ጥሩወርቅ ናት፤ እኔን ካናገረችኝ ሰባት ወር አልፏል። ጥፋቱ የኔ ነው። የፋርማሲ ትምህርቷን አቋርጣ በሐይቅ ማዕበል ላይ መንሸራተት የጀመረች ጊዜ፣ በፋሲካ ግብዣ አርባ ሰው ፊት ብድግ አልኩና፣ «ልጄ ባሕር በሌለበት ኦሃዮ ሰርፈር ሆናለች፤ ለከርሞ ደግሞ በረሃ ወርዳ ዓሣ ታጠምዳለች» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የዓመቱ ምርጥ ቀልዴ ነበር። ሊዲያ ጃኬቷን አንስታ ወጣች።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ሂሊያርድ በምሠራበት መጋዘን፣ ፎርክሊፍቴን አቁሜ በየብሬኩ የሰርፈሮችን ቪዲዮ እያየሁ ቃላቸውን በደብተር ገለበጥኩ። አርባ ሦስት ደረሱ። ለዜግነት ፈተና እንኳ እንዲህ አላጠናሁም።

ሁለተኛው ዝግጅቴ ሽማግሌ መያዝ ነበር። ጋሽ ተፈራን ከፒከሪንግተን አነሳኋቸው። በኮሎምበስ ዙሪያ ያልታረቁ ባልና ሚስት ካሉ፣ እሳቸውን ያልጠሩ ብቻ ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጺም የሚላጩበት መስታወት የመሰለ ጫማ አድርገው ወጡ።

«ጋሼ፣ የምንሄደው እኮ አሸዋ ላይ ነው» አልኳቸው።

«ሽምግልና ሽምግልና ነው» አሉኝ።

71 ሰሜን

በ71 አውራ ጎዳና ከከተማ ስንወጣ በቆሎው ታጭዷል፤ ግራና ቀኙ ቡናማ አገዳና የጠበቃ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ማንስፊልድ አጠገብ ነዳጅ ቀዳሁና ሁለት ቡና በአምስት ዶላር ከሃያ ገዛሁ። ቡናውን ትተው ውሃውን ብቻ ቢያስከፍሉኝ ሐቀኞች ይሆኑ ነበር።

«እስቲ ቃላቱን አንብብልኝ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ላይን አፕ ማለት ውሃው ላይ ሆነው ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው።»

«ተራ አላቸው? ደግ ነው።»

«ድሮፕ ኢን ደግሞ ሌላ ሰው በያዘው ማዕበል ላይ ዘሎ መግባት ነው። ትልቅ ነውር ነው።»

«እኛም ጋ ነውር ነው። ሌላስ?»

«ኩክ። አፉ ሰርፈር ሆኖ እግሩ ያልሆነ ሰው።»

ጋሽ ተፈራ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «እሱን ደህና አርገህ አጥናው» አሉኝ።

ሐይቁ ዳር

ከመኪና ስወርድ ነፋሱ በጥፊ ተቀበለኝ። ውሃው የድስት እጣቢ ይመስላል። እዚያ እጣቢ ውስጥ ሰባት ጥቁር ራሶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንዷ ከኔ የተወለደች ናት። እንደ ጎማ ያለ ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ቦርዷን በብብቷ ይዛ ወጣች። ቅንድቧ ላይ በረዶ ነበር።

በመንገድ ሙሉ የተለማመድኩትን ለቀቅኩት። «ላይን አፑ እንዴት ነበር? ስቶክድ ነሽ?» በደስታ ሰክረሻል ወይ ማለቴ ነው።

ዳር በቆመው ቫናቸው ውስጥ የነበረች ጓደኛዋ ፈገግ አለች። ሊዲያ ግን፣ «ዳድ፣ ፕሊስ» አለችና ጋሽ ተፈራን ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። የቫኑ ጫፍ ላይ እንዲቀመጡ ፎጣ አነጠፈችላቸው፤ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳች።

«ልጄ፣ የመጣነው ለልመና ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ነገ ምሳ እመጣለሁ ሳትዪን አንቀመጥም። እህል ውሃም አንቀምስም።»

ወጉ እንዲህ ነው። ጋሽ ተፈራ በሰው ሳሎን ውስጥ ማሞቂያ አጠገብ ሲቆሙ ያምርባቸዋል። እዚህ ግን ከረባታቸው እየተነሳ ፊታቸውን ይገርፋቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ኢትስ ፍሪዚንግ።»

«እሺ በይን።»

«በአርባ ሰው ፊት ሳቀብኝ» አለች። «አንድ ቀን ኮል አድርጎ ይቅርታ አላለኝም። ዛሬ ደግሞ እርስዎን ይዞ መጣ።» ወደ እኔ ዞራ በእጄ የያዝኩትን ደብተር አየች። «ድሮፕ ኢን ምን እንደሆነ ጽፈሃል? ይኸው ነው።»

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ «እንግዲያው ዛሬ ዋይፕ አውት አደረግኩ» የሚል ነው፤ ከማዕበል ላይ ተገልብጦ መውደቅ። ማንም አልሳቀም። ጓደኛዋ እንኳ ወደ ሐይቁ ዞረች።

ጋሽ ተፈራ አልተቀመጡም፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ ለእኔ ሁዳዴን ያህል ረዘመብኝ። የጋሽ ተፈራ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊዲያ ጉልበታቸውን አየች።

«እሺ ጋሼ። እመጣለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ የራሷን ካፖርት ደረበችላቸውና ሻዩን ከነእጃቸው ይዛ አጠጣቻቸው። ከዚያ ቦርዷን አንስታ በአጠገቤ ስታልፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ፣ «እንዲቀመጡ ብዬ ነው። አልመጣም» አለችኝ። ውሃው ውስጥ ገባች። ራሷን ከሌሎቹ ራሶች መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ቆምኩ።

መልስ

ጋሽ ተፈራ ደስ ብሏቸዋል። እስከ ማንስፊልድ አመሰገኗት። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ግን ታዘብኩህ» አሉ። «ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። በረደሽ ወይ አላልካትም።»

መሪውን ይዤ ደብተሬን አየሁት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ከነአርባ ሦስት ቃሉ ይንቀጠቀጣል።

ዋይትሆል፣ ማታ

ጉዞው ያስተማረኝን ልናገር ካልኩ፣ ሽማግሌ የሚያስፈልገው አፍ ለሌለው ሰው ነው። እኔ ደርሶ መልስ ሦስት መቶ ማይል ስለፈልፍ የዋልኩ ሰው፣ ሽማግሌ ይዤ መሄዴ የጋሽ ተፈራን ጉልበት ማንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። የሷ ከንፈር የጠቆረው ከብርድ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ በሩን የከፈተችው ገና ቁልፌን ሳላወጣ ነው።

«ምን አለች?»

ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝም።

«እሺ አለች» አልኩ።

ጥሩወርቅ ቀጥታ ወደ ፍሪዘሩ ሄዳ ዶሮ አወጣች። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛውን ጨመረች።

«ጓደኛዋንም ይዛ ብትመጣ ይበቃል?» አለችኝ።

«ይበቃል» አልኩ።