የጀበል አፍ

ኸድራ ውሻ ትፈራ ነበር። ባሏ ሐምዳን ከደጋ ገበያ ሲመለስ አህያው ላይ በቅርጫት ጭኖ ያመጣው ቡችላ ጥጃ ሲያክል ፍርሃቷም አብሮ አደገ። የደጋ እረኞች ጅብ የሚመልሱበት ዘር ነው። ሐምዳን "ጀበል" አለው፤ ተራራ ማለት ነው።

በክረምቱ ሐምዳንን ንዳድ ወሰደው። ኸድራ ውሻውን ለሰው ልትሰጥ ፈለገች፤ ነገር ግን ልጇ አማል፣ ገና ጥርሷን የምትቀይር ልጅ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ እህል የምትቀምሰው ጀበልን ተደግፋ ስትቀመጥ ብቻ ነው። እናት የማሽላውን ገንፎ በገል አድርጋ በዱላ ትገፋለታለች እንጂ ነክታው አታውቅም።

በዚያ ዘመን ልጅ ያለው ሁሉ የፈረስ ኮቴ ይፈራ ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ የአሶሳ ዙሪያ ሰው ተራራው ላይ ካሉት ቋጥኞች መሀል ይደበቃል። ውሻና አውራ ዶሮ ግን ያሳብቃሉና አብረው አይወጡም።

አንድ ማለዳ ከወንዙ ማዶ የማስጠንቀቂያ ቀንድ ተነፋ።

"ውሻሽን እሰሪ!" ሲል ጮኸ የባሏ ወንድም ረጀብ።

"አማል ከምሰሶው ጋር አስራዋለች!"

"ምሰሶውን ነቅሎ እንዳይከተልሽ!"

ዳገቱን ወጥተው ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ተጠጋግተው ተኙ። ኸድራ አማልን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ዋጠች። ጥቂት ቆይቶ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ጀበል ነው፤ የታኘከ ገመድ ከአንገቱ ይጎትታል።

"አላልኩም?" ረጀብ ቢላውን መዘዘ።

"አንተ፣ ስታርደው ዝም የሚልህ መሰለህ?" አሉ ሰው ሁሉ ሐቦባ፣ ማለትም አያቴ፣ የሚላቸው አሮጊቷ ዓዲላ በሹክሹክታ። "አፉን ያዘው እንጂ!"

"እርስዎ ይያዙት!"

ፈረሰኞቹ ከታች ምንጩ ላይ ቆመው ፈረሶቻቸውን ያጠጣሉ። ጀበል ጆሮውን አቀና፤ ከንፈሩ ተሸበሸበ። ኸድራ አማልን ለቀቀችና የውሻውን አፍ በሁለት እጇ ጨመቀችው። ጥርሶቹ ከከንፈሩ ሥር ጣቷን ቆረቆሯት። ማጉረምረሙ ድምፅ አልነበረውም፤ በክንዷ አልፎ ሆዷ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። አማል ጀርባው ላይ ተኛችበት። ከታች አንዱ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ቀና ብሎ ቋጥኙን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ልጓም ተሳበ፤ ኮቴውም ወደ ቆላው ራቀ።

"በቃ፣ ልቀቂው" አላት ረጀብ።

ጣቶቿ አልታዘዟትም። ሐቦባ ዓዲላ አንድ በአንድ አላቀቁላት።

ረጀብ ግን ቢላውን ወደ ሰገባው አልመለሰም። "ዛሬስ ሆነ። ሌላ ቀን ቢጮህ የምትወሰደው ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ የእኔም ልጆች ይወሰዳሉ።"

ኸድራ ልጇን አየች። አማል የውሻውን አንገት አልለቀቀችም።

"ሌላ ቀንም እኔ እይዘዋለሁ" አለች።

"ትፈሪው የለም እንዴ?"

"እፈራዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ ማሽላዋን ከመፍጨቷ በፊት፣ ኸድራ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ የጀበልን አፍ በሁለት እጇ ትይዝ ጀመር። ጎረቤት ሳቀባት። ውሻው ውሎ አድሮ ለመደ፤ እንዲያውም ስትወጣ ሲያይ ራሱ መጥቶ አፉን ጉልበቷ ላይ ያሳርፋል። የገንፎውን ገል ግን አሁንም በዱላ ነበር የምትገፋለት።