የአህያዋ ውል

ሥራዬ የሰው ፊርማ ማየት ነበር። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት “ይህን የጻፈው ማን ነው?” ብሎ ወረቀት ይልክልናል፤ እኛ በአጉሊ መነጽር አይተን መልሱን እንጽፋለን። በደርግ ዘመን ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የካ ያሉት ጎረቤቶቼ ታይፒስት እመስላቸው ነበር፤ አላረምኳቸውም።

አንድ ቀን የአህያ ሽያጭ ውል መጣልን። ባለጉዳዮቹ እንጦጦ ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ሻጯ “አልሸጥኩም፤ በእኔ ስም የፈረመችው እሷ ናት” ብለው ከሰዋል። አህያዋ ከተሸጠች በኋላ ውርንጭላ መውለዷን መዝገቡ ላይ ሳነብ ሻጯ በሽያጩ እንደተቆጩ ገባኝ። የእኔ መረዳት ግን ማስረጃ አይሆንም። ገዢዋ ቅጠል እየሸጠች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ፊርማው የእሷ ነው ካልን ትታሰራለች።

የሁለቱ ጽሕፈት ቁርጥ አንድ ነው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከአንድ አስተማሪ ነበርና የእሱን እጅ እንዳለ ቀድተውታል። ጣቢያ ጽፈው የተላከልንን ናሙና ሁለት ቀን ባየው ምንም አልያዝኩም።

“ይምጡና ፊቴ ይጻፉ” አልኳቸው አለቃዬን።

“ጓዲት፣ ለአንድ አህያ?”

“አህያዋማ አትታሰርም።”

ሳቁና ፈቀዱ።

ገዢዋ ቀድማ ጻፈች። ሻጯ፣ ስልሳ ያለፋቸው ረጅም ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና የሰጠኋቸውን ቅጽ አናቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ከዚያ ስማቸውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ሁሉ ዘቅዝቀው ጻፉ።

“እትዬ፣ ወረቀቱ ተገልብጧል” አልኳቸው።

“የተገለበጥሽውስ አንቺ ነሽ” አሉኝ። “መጽሐፉ አንድ፣ እኛ አሥራ አራት። ቀድመው የመጡት ከአስተማሪው ጎን ተቀመጡ፤ እኔ ፊት ለፊቱ። ያየሁትን ጻፍኩ። ሰርተፊኬትም ሰጥተውኛል።”

ወደ አጉሊ መነጽሬ ተመለስኩ። እስክሪብቶ የፊደሉን መታጠፊያ ካለፈ በኋላ ጥቂት ቀለም ያንጠባጥባል፤ እጅ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታዎቹን እያየሁ “እስክሪብቶው መጥፎ ነው” ብዬ አልፌያቸው ነበር። ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ከፊደሉ እግር ተነሥቶ ወደ አናቱ የወጣ ነው። የሻጯ ናሙናም እንዲሁ፤ የገዢዋ እጅ ግን እንደ ማንኛችንም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፊርማው የሻጯ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። ገዢዋ ነጻ ወጣች፤ ሻጯ በተግሣጽ ታለፉ።

ከወራት በኋላ ላምበረት አጠገብ ገዢዋን ቅጠል የጫነች አህያዋን እየነዳች አገኘኋት።

“ታረቃችሁ?” አልኳት።

“ጎረቤት አይደለን? ውርንጭላውን ጡት ሲተው ሰጠኋቸው። መረከባቸውን ግን አስፈረምኳቸው።”

“እሺ ብለው ፈረሙ?”

“እንዳይቸገሩ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የሰጠኋቸው” አለችና አህያዋን ነዳች።