ትርጉም የሌለው ስም

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩትን ሰውዬ በመታወቂያ ስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «አባ ትርጉም» ናቸው። በመስኮቱ በኩል ራሱን ይዞ የሚያቃስተውን ሰው ስሙን ይጠይቁታል፤ ይነግራቸዋል፤ ካርዱን ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት ግን «ምን ማለት ነው?» ይሉታል። በሽተኛው አያውቅም። አባ ትርጉም ይበሽቃሉ። ሰው ሬዲዮ ሲገዛ እንኳ መመሪያውን ያገላብጣል፣ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን ስም ግን እንዲሁ በደፈናው ይሸከማል ይላሉ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ ነርሶቹ ካርድ አምጡ እያሉ ይጮኻሉ፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በተሰረዘ ካርድ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብሎ ሊገላግላቸው የሚሞክር ሰው ደግሞ ደማቸውን ያፈላዋል። መልአኩም ቢሆን ትርጉሙን ሳያውቅ አያወጣም ባይ ናቸው።

ካርዶቹ ቤታቸው ውስጥ በአሥራ አራት የጫማ ካርቶን ተደርድረዋል። ከሌላ አገር የመጣ በሽተኛ ካጋጠማቸው ቋንቋ ባይግባቡም በእጅ በእግር ብለው ይጠይቁታል። የተር የሚለው የቱርኮች የሴት ስም «ይበቃል» ማለት እንደሆነ፣ ልጅ የበዛበት ቤት እንዲህ ብሎ እንደሚሰይም የሰሙ ጊዜ ወሬው ለሦስት ቀን ከአፋቸው አልጠፋም።

ከሁሉ የሚኮሩበት ግን ሰባተኛው ካርቶን ነው። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከሞት በኋላ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወንድም ወይም እህት ሞቶበት ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ስሞች ናቸው። ከዐረብኛ ዐወድ፣ ምትክ ማለት ነው፤ ከዕብራይስጥ ምናሔም፣ አጽናኝ፤ ከዮሩባ ኮኩሞ፣ ዳግመኛ አይሞትም። ከራሳቸውም ቋንቋ ካሳና ምትኩ አሉ። የሰው ልጅ በየቋንቋው አንድ ዓይነት ለቅሶ እንደሚያለቅስ በዚህ ይታወቃል ይላሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወርደውም ይኸው ካርቶን ነው። የልጃቸው ስም እዚያ ውስጥ አለ። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ወንዱ፣ በሦስት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞቶባቸው ዓመት ሳይሞላ ሴት ልጅ ስትወለድ፣ ሐዘንን የምታስረሳ የሚል ስም አወጡላት። በዕድሜያቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ ያማረው ይህ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ወልዳ አባቷን ያበገነቻቸው። ገና ከማዋለጃ ክፍል ሳትወጣ ስም አውጥታለች፤ ሦስት ፊደል። አባ ትርጉም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠየቋት። በየትኛውም። ምን ማለት ነው? ምንም። እርጉዝ ሳለች ሳህን ስታጥብ ከአፏ የወጣ ድምፅ ነው፤ ደስ አላት፤ አለቀ።

ለሳቸው አላለቀም። ቤት ገብተው አሥራ አራቱንም ካርቶን ገለበጡ፤ የለም። የመስክ ሥራ ላይ ላለው አማቻቸው ስልክ ደወሉ፤ እሱም እሷ ከወደደችው እኔን ምን አገባኝ አላቸው። ይሄ ምን ዓይነት ወንድ ነው ብለው ስልኩን ሲዘጉ ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ ምን አገባኝ ማለት የሚያውቅ ባል ያገኘች ሴት ታድላለች አሉ። አባ ትርጉም አሥራ ሰባት ስም ከነትርጉሙ በንጹሕ ወረቀት ጽፈው ለአራሷ ወሰዱላት። ሳታነበው ትራሷ ሥር አስገባችው፤ በማግስቱ ሲያዩት እዚያው ነው፣ ወተት ፈሶበታል። ሰው ለገዛ ልጁ ባዶ ሳጥን አሽጎ ይሰጣል?

በአምስተኛው ቀን ያንን ስም ለመቶኛ ጊዜ ወረቀት ላይ ሲጽፉ እጃቸው ሳተና የመጨረሻዋን ፊደል ቀኝ እግር ዝቅ አደረጋት። ያዩትን ማመን አቃታቸው። እግሯ የረዘመችው ስም አራተኛው ካርቶን ውስጥ አለች፤ ባሕር ማዶ ባለ ቋንቋ ንጋት ማለት ናት። ይህን ሁሉ ቀን ያንገበገባቸው ነገር የአንዲት ጭረት ጉዳይ ኖሯል።

ልጃቸው በቀዶ ሕክምና ስለወለደች አራስነቷን የምትጨርሰው ወላጆቿ ቤት ነው። የልደት ምዝገባ ቅጹን በእጇ ሞልታ፣ ፈርማ፣ እንዲያስመዘግቡላት ለአባቷ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ጠዋት አባ ትርጉም ቅጹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የእስክሪብቶአቸው ቀለም ከእሷ ቀለም ጋር መመሳሰሉን ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሲሞክሩ፣ እሷ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላቸው ቆማ ታይ ነበር።

«ምን ልትጨምርበት ነው?» አለች።

መዋሸት አልሆነላቸውም። አንዲት እግር ብቻ መሆኗን፣ ድምፁ ብዙም እንደማይለወጥ፣ ልጅቷ አድጋ ሰው ሲጠይቃት «ምንም» ብላ አንገቷን ከምትደፋ «ንጋት» የምትለው መልስ እንደሚኖራት አስረዱ። እያስረዱም ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የሰነበተው ብስጭት አብሮ ወጣ። ስም ያለ ትርጉም ጩኸት ነው አሉ፤ ለውሻም ቢሆን ታስቦበት ይወጣለታል አሉ።

ልጃቸው ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቁስሏ ገና አልጠገገም።

«አባዬ፣ የኔን ስም ለእንግዳ ስትተረጉም ስንት ጊዜ እንደሰማሁህ ታውቃለህ? ካርቶኑ ሲወርድ ገና ይገባኛል። እንግዳው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እማዬ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። እኔን የጠራ ሁሉ ወንድሜን ነው የሚጠራው።»

አባ ትርጉም ስሙ በምን ያህል ፍቅር እንደወጣ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ።

«ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ» ብላ ቀደመቻቸው። «ግን ሥራም ነው። ገና ስወለድ ሥራ ሰጣችሁኝ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞከርኩ። እስቲ ንገረኝ፣ አስረሳኋችሁ?»

ጓዳ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው ሳህን ዝም አለ። አዎ ቢሉ ወንዱን ልጃቸውን መካድ ነው፤ አይ ቢሉ ደግሞ የሷን ሠላሳ ሦስት ዓመት ከንቱ ማድረግ ነው። አባ ትርጉም የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ።

«ዘንድሮ ሠላሳ ሰባት ይሆነው ነበር» አሉ።

«አየህ» አለች። አልተቆጣችም። ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገቻት። «ይቺ የማንም ምትክ፣ የማንም መጽናኛ እንድትሆን አልፈልግም። ንጋትም እንድትሆን አልፈልግም። ማን መሆኗን ስታድግ ራሷ ትነግረናለች።»

አባ ትርጉም ቅጹን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። መንገዱን ሙሉ ተናደው ነበር፤ በማን እንደተናደዱ ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም። ስሙን በልባቸው ቢደጋግሙት አሁንም አልጥም አላቸው። ከስሙ ይልቅ ግን የከነከናቸው ልጃቸው የተናገረችው ነበር። ያ ካርቶን ስንት ጊዜ እንደወረደ ለመቁጠር ሞከሩ፤ ባለቤታቸው ስንት ጊዜ ከተቀመጡበት እንደተነሱ ግን አንድም ቀን ልብ ብለው አላዩም ነበር።

ምዝገባው ቢሮ ሰልፍ ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት መዝጋቢ ቅጹን ተቀበለች። ስሙ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ እስክሪብቶዋንም አነሳች።

«አባቴ፣ የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ተረስቷል። የእህቴ ልጅ ስም ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ንጋት ማለት ነው። ላስተካክለው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮት ሲፈልጓት የኖሩት፣ የስም ትርጉም የምታውቅ ሰው ይኸው ዛሬ ተገኘች። አንድ እሺ ብቻ ይበቃል፤ ጥፋቱም የሳቸው አይሆንም። አባ ትርጉም እጃቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልከው ቅጹ ላይ፣ ልክ በስሙ ላይ፣ አኖሩት።

«የተረሳ የለም፣ ልጄ» አሉ። «እንዳለ ጻፊው።»