የፈነከትኩት ሰው መሰከረልኝ

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ፍርድ ቤት። ዳኛዋ ምስክሬን «አመልካቹን በምን ያውቁታል?» አሉት።

ሰይድ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አሳያቸው። «ክብርት ዳኛ፣ የፈነከተኝ እሱ ነው።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ያኔ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። ከአንኮበር ገብስ ጭኜ ወደ አሊዩ አምባ ስወርድ፣ ብርዱ ከኋላዬ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ሲቀበለኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! አንድ የገበያ ቀን በቅሎዬ የሰይድን ማሽላ በላች። እሱ በቅሎዋን መታ፣ እኔ እሱን።

ስድስት ወር ታሰርኩ። ስፈታ ሽማግሌዎች አስታረቁን። ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱ በእነሱ ቢላ፣ አንዱ በእኛ። ማሩን ግን ከአንድ ሳህን በላን።

እኔ ሞኙ፣ እርቅ ከወረደ ፋይሉም የተዘጋ መስሎኝ ኖርኩ። (ሽማግሌ የዘጋውን ማን ይከፍታል ተብለን አይደል ያደግነው?) ዘንድሮ ለሹፌርነት ሥራ አሻራ ስሰጥ ያ ዱላ የወንጀል ሪከርድ ሆኖ ከኮምፒውተር ውስጥ ወጣ።

እንዲሰረዝልኝ ለፍርድ ቤት አመለከትኩ፤ ዛሬ ተሰረዘልኝ። ሥራውንም ሰኞ እጀምራለሁ።

ሰይድን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። «በቅሎዋስ?» አለኝ።

«ከሞተች ቆየች።»

ጠባሳውን ዳበሰ። «አፈር ይቅለላት። እሷ ባትራብ ኖሮ አንተን ከየት አገኝህ ነበር?»

እናንተስ? በዱላ የተዋወቃችሁት ወዳጅ አላችሁ? ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ እኔ ይኸው ደጋግሜ እየደወልኩ ነው፣ ቆላ ገብቶ ኔትወርክ የለውም።